በጭራቁ ጀርባ ያለው ዚፕ
በ1990ዎቹ ኮምቦልቻ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ከሌላ ፕላኔት የመጣ ጭራቅ እናያለን። ጭራቁ ዞር ሲል ጀርባው ላይ ዚፕ ታየን፤ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አጠገቤ የነበረ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣ ጎልማሳ ግን «ሰው ለፍቶበታል እኮ! ምን ያስገለፍጣችኋል?» አለን። አፈርኩ። በእርግጥስ በሰው ድካም መሳቅ ነውር አይደለም?

ኤድ ዉድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሠራው «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» የጠፈር መንኮራኩሮቹ በክር ተንጠልጥለዋል፤ የሞተውን ቤላ ሉጎሲን ሌላ ሰው ፊቱን በካባ ሸፍኖ ተክቶታል። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የተጀመረው «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» የዚህ ዓይነቶቹን ፊልሞች ሲተርብ ኖሯል። ልብ በሉ፤ ተራቢዎቹ ፊልሙን እስኪያልቅ ያዩታል። የናቀ ሰው ተነስቶ ይሄዳል እንጂ መቼ ይቀመጣል? ደሴም ቢሆን የምንተርበው ወዳጃችንን ነው፤ ባዳን ማን ይተርባል?

ያን ጭራቅ እስከ መጨረሻው አየሁት። ጎልማሳው ከመሃል ወጣ፤ በእኛ ተቀይሞ ይሁን በፊልሙ ተሰላችቶ፣ አልጠየቅኩትም።