ስለ መንገድ መሪ ደመወዝና ስለ ሙታን ክብር

ሰው የጥንት አባቶችን ሥራ ለማየት በተራራ ላይ ብዙ ቀን ሲጓዝ፥ አገሩን የሚያውቅ መሪ ይይዛል፤ ለመሪውም ደመወዝ ይከፍላል። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ያልታወቀው ግን በከፈለው ገንዘብ የገዛው ምን እንደ ሆነ ነው። የመሪውን ጕልበት ነውን? መንገዱን ነውን? ወይስ በመንገዱ መጨረሻ ያለውን ሁሉ? ይህን የምጠይቀው ለክርክር ያህል አይደለም። በአንድ ጕዞ ላይ ጥያቄው በፊቴ ተነሥቶ መልስ ሲፈለግብኝ ዝም ብዬ አልፌው ነበርና፥ ያን ጊዜ ያልመለስሁትን ዛሬ በአንባብያን ፊት ልመልሰው ወድጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት የተማሩ ሰዎች ከሰቆጣ ተነሥተው ዋግንና ላስታን በእግርና በበቅሎ አቋርጠው እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ለመሄድ አሰቡ። የግእዙን ጽሕፈት የሚያነብላቸውና የየቦታውን ታሪክ የሚነግራቸው ሰው ሲፈልጉ እኔን አገኙ። በቅሎ ተከራዩልኝ፤ ስንቄንም ቻሉ። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፥ በኋላ ያስፈልገናልና። መንገድ መሪው ዕድሜው ከሃያ አምስት የማይበልጥ የዋግ ገበሬ ልጅ ነበረ፤ በቤቱ ኽምጣንጋ ይናገራል፥ አማርኛውን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። አንድ በቅሎ ሳቢ ሽማግሌም አብሮን ነበረ።

በመጀመሪያው ቀን ከከተማው ብዙ ሳንርቅ ወደ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ደረስን። ይህ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያም ከዛጔ ነገሥታት ዘር ነን ይሉ የነበሩት የዋግ ሹሞች፥ ሥጋቸው ሳይፈርስ ደርቆ በሣጥን ሆኖ ይገኛል። እንግዶቹ ጥቂት ቆመው አይተው ወጡ፤ በዚያ ቀን ክፉ ነገር አልተደረገም። ነገር ግን አንደኛው ሲወጣ መሪውን፦ ከዚህ የበለጠ አለ ወይ? ብሎ ጠየቀው። መሪውም፦ ወደ ይምርሐነ ብዙ አለ፥ አለው። ይህን በተናገረ ጊዜ ምን ብሎ እንደ ተናገረ ያሰበበት አይመስለኝም።

ከዚያ በጋዝጊብላ በኩል ወደ ደቡብ ሄድን። የዋግ ምድር በጥር ደረቅ ነው፤ ድንጋዩ ከአፈሩ ይበዛል፥ ገደሉም መንገደኛን ሲያወርደውና ሲያወጣው ይውላል። መሪ ማለት ፊት ፊት የሚሄድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በእነዚያ ቀኖች ግን ሥራው ሌላ መሆኑን አየሁ። የትኛው ምንጭ በጥር እንደሚደርቅና የትኛው እንደማይደርቅ ያውቃል። በየመንደሩ ሳንደርስ ቀድሞ ይሄድና በአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥቶ ስለ እኛ ይናገርልናል፤ ስለዚህም ውሻ አልጮኸብንም፥ ማደሪያም አላጣንም። በቅሎ ወዴት እንደማይጫን፥ ሰው ወዴት እንደሚወርድ ይናገራል። አንድ ማታ ልጅ የሞተበት ቤት አጠገብ ስንደርስ፥ እኛ ምንም ሳናውቅ ጨዋታችንን አስተወን፤ በዝምታም አሳለፈን። ምክንያቱን የነገረን መንደሩን ካለፍን በኋላ ነው። እንግዲህ መሪ መንገዱን ለእንግዳው ያሳያል፤ እንግዳውንም ከመንገዱ ባለቤቶች ጋር ያስማማል። የኋለኛው ከፊተኛው ይከብዳል።

ይሁን እንጂ ደመወዝ መቀበሉን በልቤ ነቅፌው ነበር። እኔ በተማሪነቴ ቅኔ ፍለጋ ደበሎ ለብሼ አኩፋዳ ይዤ ከዋግ ወደ ጎጃም ስሄድ፥ መንገድ ያሳየኝ ሰው ሁሉ ያሳየኝ በነጻ ነው። ገበሬው ሞፈሩን አቁሞ እስከ ወንዙ መሻገሪያ ይሸኘን ነበር፤ ከእግዜር ይስጥልኝ በቀር የሰጠነው የለም። ስለዚህ ዛሬ መንገድ በቀን ሒሳብ ሲሸጥ ባይ ዘመኑ የከፋ መሰለኝ። በሁለተኛው ሌሊት ግን መጽሐፈ ጦቢት ትዝ አለኝና በራሴ አፈርሁ። ጦብያ ወደ ሜዶን አገር ሲሄድ የመራው ሩፋኤል መልአክ ሲሆን፥ አባቱ ጦቢት ሰው መስሎት በቀን አንድ ድራክማ ከነስንቁ ሊሰጠው ተዋውሎ ነው የላከው። መልአኩ ስለ ምን ደመወዝ ተዋዋለ ቢሉ፥ እኔ እንደሚመስለኝ የሰውን መልክ ስለ ያዘ የሰውን ሥርዓት ሊፈጽም ነው፤ አንድም ጦቢት ያን ጊዜ ዕውርና ችግረኛ ሳለ እንኳ የሌላውን ጕልበት በነጻ እንዳልፈለገ ሊታወቅ ነው። ለእኔ በነጻ መንገድ ያሳየኝ ገበሬ የሚመለስበት እርሻ ነበረው። የዚህ ልጅ አባት መሬት ግን ለወንድማማቾች ቢካፈል ለአንድ ጥማድ የማይበቃ ነው። እግሩን ቢያከራይ ምን ነውር አለው?

ስለ ጕዞው ሁሉ አልጽፍም። በብልባላ ጊዮርጊስ ከግንቡ ውስጥ የሚኖሩትን ንቦች አየን፤ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ከሩቅ እያየን ቀረብነው። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በጥድ ዱር ውስጥ ወጥተን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ገባን። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ሕንጻዎች አስቀድሞ በንጉሡ በቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ተሠራ ይነገራል። ከአለት አልተፈለፈለም፤ በዋሻው ውስጥ አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረገ፥ በአክሱም ዘመን ሥርዓት የተገነባ ነው። ከበስተኋላው በጨለማው ውስጥ ብዙ ሙታን አሉ፤ አንዳንዱ አጽም ብቻ ነው፥ አንዳንዱም ቆዳው ደርቆ ቀርቷል። ቅዱሱን ንጉሥ ለመሳለም ከሩቅ አገር መጥተው በዚያው ያረፉ ናቸው ተብሎ ይነገራል።

ከዚያ አስቀድሞ የጠቀስሁት እንግዳ ጎንበስ ብሎ፥ አንዱ የራስ ቅል ፊቱን ወደ ብርሃን እንዲያዞርለት በዱላው ጫፍ ገለበጠውና ስልኩን አወጣ፥ ፎቶግራፍ ሊያነሣ።

መሪው ዱላውን ያዘው። «ጋሼ፥ ይተዉ፤ ይህ አይሆንም» አለ።

እንግዳውም፦ «ምን ሆንህ? አልከፈልሁህም? አራት ቀን ሙሉ ድንጋይ ስረግጥ የመጣሁት ይህን ላይ አይደለም?» አለ።

«የከፈሉኝ መንገዱን ላሳይዎ ነው፤ መንገዱ እዚህ አልቋል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «የኔታ፥ እርስዎ ይንገሩዋቸው።»

እኔ ምን አልሁ? «እስቲ ሁለታችሁም ቀስ በሉ፤ በእግዚአብሔር ቤት አትጨቃጨቁ» አልሁ። ይህ ቃል የሽማግሌ ቃል ይመስላል። በውስጡ ግን በደለኛውንና ንጹሑን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ከሁለቱም የሚሸሽ ፍርድ ነው። ስለ ምን እንዲህ አልሁ ቢሉ፥ በውጭ የቆመችው በቅሎ ትዝ ብላኝ ነው። እንግዳው ፎቶግራፉን አንሥቶ ወጣ። በማግሥቱም ሒሳብ ሲተሳሰቡ ለልጁ የመጨረሻውን ቀን ደመወዝ አጐደለበት፤ እንግዳ ለሚያመጡለት ሰዎችም ባለጌ ነው ብሎ ነገረበት። በዚያ ዓመት ሌላ እንግዳ አላገኘም። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይህ ጕዳይ የዋግና የላስታ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር የጥንት የኢንካ ነገሥታት የሠሩት ማቹ ፒቹ የሚባል ከተማ በተራራ ላይ አለ። ዛሬ ወደዚያ በጥንቱ የድንጋይ መንገድ 43 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ቀን ይኬዳል፤ ያለ መሪ መሄድ አይፈቀድም፥ ተሸካሚውም ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይጫን በ2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሕግ ወጥቶለታል። መልካም ሕግ ነው፤ እኛም የበቅሎ ሳቢዎቻችንን ወገብ ብናስብ ባልከፋ። ነገር ግን ስለዚህ ሥፍራ ያነሣሁት ስለ ሌላ ነው። በ1911 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሂራም ቢንገም የሚባል የአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር ወደ ማቹ ፒቹ ሲወጣ፥ መንገዱን ያሳየው በሥፍራው የሚኖር አንድ ገበሬ ነው፤ የተቀበለውም አንድ ሶል የሚባል ብር ነበረ፥ ያውም ከተለመደው የቀን ደመወዝ ሦስትና አራት እጥፍ። በማግሥቱ ዓመት መምህሩ ተመልሶ መቃብሮችን አስቆፈረ፤ የሙታኑንም አጥንት ከዕቃው ጋር ወደ አሜሪካ ወሰደ። አገሩ አጥብቆ ቢጠይቅ አጥንቱና ዕቃው የተመለሰው በ2011ና በ2012 ነው፤ መቶ ዓመት መሆኑ ነው። ያ ገበሬ ለአንድ ብር የሸጠው የተራራውን መንገድ ነው። የሙታኑን አጥንት አልሸጠም፤ ሊሸጥም ቢወድድ የእርሱ አልነበረም።

አንድ ሰው፦ ማየት ብቻውን ምን ይጎዳል? ቢል መልሱ ቀላል አይደለም፤ ማየት ሁሉ በደል አይደለምና። ኢንካዎች ራሳቸው የሞቱትን ነገሥታት ሥጋ አድርቀው፥ ልብስ አልብሰው፥ በበዓል ቀን በአደባባይ ያወጡት ነበር። ኋላ በ1559 ፖሎ ዴ ኦንዴጋርዶ የሚባል የእስፓንያ ሹም እነዚያን ሥጋዎች ከወገኖቻቸው እጅ ነጥቆ ከፊሉን ወደ ሊማ አስላከ። የሞተው ንጉሥ በበዓሉ ቀንም ታየ፥ በሊማም ታየ፤ ዓይን ያው ዓይን ነው። ልዩነቱ የሚያየው ሰው ከሚታየው ጋር ባለው ዝምድና ነው። በበዓሉ ልጁ አባቱን አየ፤ በሊማ ግን ባለ ድል ምርኮውን አየ። እንዲሁም በይምርሐነ ዋሻ ቆሞ፥ እኔም እንደዚህ እሆናለሁ ብሎ የሚያይ ሰው ቢከፍልም ባይከፍልም ከሙታኑ ጋር ተዛምዷል። በዱላ የገለበጠው ግን ዕቃ አየ። ሙት አይሰማውም ለሚለኝ፥ አዎን፥ አይሰማውም እለዋለሁ፤ ለራሱ መከራከር ስለማይችል ነው ቆሞ የሚከራከርለት ያስፈለገው።

ድኻ አገር ነው፥ ከእንግዳ ገንዘብ ቢገባው ምን ይላሉ? የሚልም አለ። ይግባው፤ ስለ መንገዱ፥ ስለ በቅሎው፥ ስለ ማደሪያው፥ ስለ ማሩ ይግባው። ደግሞ ይህን ስጽፍ እኛን ካህናትንና መምህራንን ማለፍ አልችልም። መሪውን ገንዘብ ወዳድ ስንል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የሙታኑን መጋረጃ የሚገልጠው ግን ማን ነው? መሪው ከደጅ አድራሽ ነው፤ ከደጅ ወዲያ ያለው የእኛ አደራ ነው። በዚያ ቀን የእኔን ሥራ የሠራው፥ እኔ ዝም ስላልሁ ነው።

ከዚያ በኋላ በሽታው መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ተነሣ፥ በዋግም ምድር አለፈ። መንገደኛ ጠፋ፤ መሪ የነበሩት ልጆች ተበተኑ። በዚያ ዘመን ስንቱ ያለ ፍትሐት ቀረ። ሰዎች የሞተ ሰው ሥዕል በስልክ እየተቀባበሉ ሲያዩ አየሁ፤ የእኛ ነው ሲባል ያለቅሳሉ፥ የእነዚያ ነው ሲባል ይስቃሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ስልኩን ወደ እኔ ሲያቀርብልኝ ያ ዱላና ያ የራስ ቅል በዓይኔ ላይ መጡ። ጦቢትን ያስመሰገነው፥ ሩፋኤልንም ያስላከለት ሥራ፥ የተዘጋጀለትን ራት ትቶ እየተነሣ፥ በአደባባይ የወደቀውን ሬሳ በሌሊት መቅበሩ ነበር። ለዚህ ነው አንዱ መጽሐፍ መንገድ መሪውንና ሙታኑን አብሮ የያዘው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህ አልታየኝም ነበር።

ሰላም ሲሆን ልጁን ፈለግሁት። በሰቆጣ ለቤት ሥራ ድንጋይ ሲያቀብል አገኘሁት፤ እጁን በልብሱ ጠርጎ መስቀል ተሳለመ። እኔም፦ ልጄ፥ ያን ቀን በድዬሃለሁ፥ ይቅር በለኝ አልሁት።

«የኔታ፥ እኔ እንኳ ያዘንሁት በእርስዎ አይደለም» አለኝ። «የራስ ቅሉን እንደ ተገለበጠ ትተነው ነው የወጣነው። ሌሊት ቄሱን ለምኜ ተመልሼ ገባሁና አስተካከልሁት። ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁለት። ይበቃል ወይ?»

ይበቃል አልሁት። እርሱ ከዋሻው የገባው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠይቄው ነበር። በዚያ ሰዓት እኔ ከዚያው ቅርብ ባለ ቤት፥ እንግዶቹ ካዘዙልኝ ራት ላይ ተቀምጬ ነበርሁ።