ሳይሻር የሚጠየቅ

«ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ተረት። ስንወቅሰው የኖርነው «ያልበላ» በምትለው ቃል ነው። እኔን ግን የምታሳስበኝ «ሲሻር» የምትለዋ ናት። ለመሆኑ የበላው ሰው የሚጠየቀው መቼ ነው?

የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ሲቋቋም የመመርመርም የመክሰስም ሥልጣን ተሰጠው፤ ተጠሪነቱ ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በሕወሓት ክፍፍል የተሸነፉት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተያዙ። ዳኛዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ቢያዙም ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ። በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚከለክል ማሻሻያም በዚያው ዓመት ወጣ። አቶ ስዬ የተፈቱት በ1999 ነው።

በ2005 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ ከነሥልጣናቸው ተያዙ። ያም ሆኖ ጊዜው የአቶ መለስ ሞት ማግሥት ነበርና ብዙ ሰው የሥልጣን ሽኩቻ ነው ብሎ ጠረጠረ። በ2010 ክሱ ተቋርጦ ወጡ። ኮሚሽኑ ራሱ ቀደም ብሎ፣ በ2008፣ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑን አጥቶ ነበር።

ቂሊንጦ በአብዛኛው ፍርድ የሚጠባበቁ ሰዎች የሚቆዩበት እስር ቤት ነው። እዚያ ስንቅ ይዤ በተሰለፍኩባቸው ቀናት ስለታሰረ ሹም ሲወራ የሰማሁት ጥያቄ «ምን ሰረቀ?» አልነበረም፤ «ከማን ተጣላ?» ነበር።

እንግዲህ ሁለት መልስ አለ። አንዱ «ክሱን ያመጣው ጠብ ነውና ሰውየው ንጹሕ ነው» ይላል። ስሕተት ነው፤ ጠላቱ ያጋለጠው ሌባም ሌባ ነው። ሌላው «ማንም ይክሰሰው፣ ሌባ ከተያዘ ይበቃናል» ይላል። ይህ ይበልጥ ያስፈራኛል። ቅጣት ከተቀጣው ይልቅ የሚያስተምረው ወንበር ላይ ያለውን ነውና። ሹሙ ባልደረባው በሰረቀ ጊዜ ሳይሆን በተጣላ ጊዜ ሲታሰር ካየ፣ የሚማረው «አትስረቅ» ሳይሆን «አትጣላ» ነው። ያን ጊዜ በመሳቢያ የተቆለፈው የሙስና ማስረጃ የሹሙ ልጓም ይሆናል፤ ታማኝነቱም ለሕግ ሳይሆን ለጌታው።

ስለዚህ የፀረ ሙስናን ሥራ በታሳሪ ብዛት አልመዝነውም። ሞገሱ ሳይጎድል፣ ከማንም ሳይጣላ የተጠየቀ ሹም አለ ወይ? የዋስትና ጥያቄውስ እንደማንኛውም ተጠርጣሪ በዳኛ ታይቶለታል? «ሲሾም የበላ፣ ሳይሻር ይጠየቃል» የሚል ተረት እስክናወጣ ድረስ፣ የድሮው ተረት እውነት እንደሆነ ይኖራል።