የኔ ቢጤ በቴክሳስ

በአማርኛ «የኔ ቢጤ» የምንለው ለማኝን ነው። ቃሉን ፈታ አድርገን ካየነው ግን «እንደኔ ያለ፣ የኔ እኩያ» ማለት ነው። መንገድ ዳር ለተቀመጠ ሰው ይህን ስም ያወጣለት ሰው ወይ ትሑት ነበር፣ ወይ ደግሞ ነገ እኔም እዛው እቀመጥ ይሆናል ብሎ የፈራ ነው። እኔ ቴክሳስ ከገባሁ በኋላ የፈለግሁት የኔ ቢጤ ሌላ ነው፤ እንደኔ የሚያስብ ሰው። አፈላለጌ ግን ከልመና ብዙም አይርቅም ነበር።

ኦክቶበር 2020 ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ከዳላስ በስተሰሜን፣ ኮሊን ካውንቲ ውስጥ ቤት ተከራይቼ ከገባሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ ሰፈሩን በመኪና ቀስ እያልኩ እዞራለሁ። ሥራዬ ያርድ ሳይን መቁጠር ነው፤ ሰዉ ግቢው ሣር ላይ የሚተክላትን የምርጫ ምልክት። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ፤ ሁሉም የዛኛው ወገን። አንድ ማታ ከቤቴ አራት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ጥግ ላይ ካለ ቤት ፊት ለፊት፣ የኔን ወገን ምልክት አየሁ። መኪናዬን አቆምኩ። እንባዬ መጣ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በሩን ላንኳኳ ነበር እኮ። ቢከፍቱልኝ ምን ልል እንደነበር እንጃ፤ «እንደምን አመሻችሁ፣ ዘመድ ነኝ» ይሆናል።

ሽቦ ላይ የተሰካች ፕላስቲክ ናት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሚስቱን የሚደበድብ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ሲያትል የምትኖር ጓደኛዬ በደወለች ቁጥር «እዛ እንዴት ነው የምትኖሪው?» ትለኛለች። ጥያቄዋ ከባዶ አልመጣም። ቴክሳስ ለፕሬዚዳንትነት ዴሞክራት የመረጠው ለመጨረሻ ጊዜ በ1976፣ ጂሚ ካርተርን ነው። መላው ስቴት ድምፅ በሚሰጥበት ምርጫ ከ1994 ወዲህ አንድም ዴሞክራት አላሸነፈም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በዚያው በ2020 ቴክሳስ ውስጥ ባይደንን የመረጠው ሰው ከ5.2 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ከመረጠው ሰው በትንሹ ይልቃል። ትራምፕም በተራው ከቴክሳስ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው ካሊፎርኒያ ላይ ነው፤ 6 ሚሊዮን ገደማ። ያኔ 38 የነበሩት የቴክሳስ የኤሌክቶራል ድምፆች ተጠቅልለው ለአንዱ ስለሚሰጡ ነው ካርታው ላይ አንድ ወጥ ቀይ ሆኖ የሚታየን። ከቀዩ ቀለም ሥር በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አለ።

ስለዚህ የኔ ቢጤ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ አልነበረም። አለ። ኦስተን ሙሉ ከተማ ነው። ዴንተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ዙሪያ አለ። ዳላስ ውስጥ ኦክ ክሊፍ አለ። እኔም እዛው ኦክ ክሊፍ በወር አንዴ የሚገናኝ የመጽሐፍ ንባብ ቡድን አገኘሁ፤ ዘጠኝ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አስተማሪዎችና ነርሶች። የመጀመሪያውን ምሽት አልረሳውም። አንገቴን ሳላዞር፣ ድምፄን ሳልቀንስ አወራሁ። ሥራ ቦታ ምሳ ላይ የማልለውን፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቡና ላይ የማልለውን ሁሉ ተናገርኩ። ትከሻዬ ላይ የነበረ ጭነት መኖሩን ያወቅሁት ሲወርድ ነው።

ይህን እፎይታ የሚንቁ ሰዎች አሉ። «ከሚመስሏችሁ ጋር ብቻ ተሰብስባችሁ» ይሉናል። እኔ አልንቀውም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ቴክሳስ ውስጥ ሁለት ሕጎች በአንድ ቀን ሥራ ላይ ዋሉ። አንዱ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ የሚያስችል ነው። ሌላው ስድስት ሳምንት ገደማ ካለፈው በኋላ ፅንስ ማቋረጥን የሚከለክል። ሁለተኛውን ልዩ የሚያደርገው አስፈጻሚው ነው፤ መንግሥት ሳይሆን ማንኛውም ግለሰብ ነው። ሕጉን የተላለፈ ፅንስ ማቋረጥ ላይ የረዳን ሰው፣ የማይተዋወቀው ሰው እንኳ ተነስቶ ፍርድ ቤት ሊያቆመው ይችላል፤ ከረታ ቢያንስ 10,000 ዶላር ያገኛል። ጎረቤት ጎረቤትን እንዲጠብቅ የተጻፈ ሕግ ነው። ቀበሌን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2022 ጸደይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሥራ በኋላ መኪና ማቆሚያው ጋ ጠበቀችኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለዛ ሕግ ሲወራ ፊቴን አይታ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ ፊቴን ብቻ ነው ያየችው። ኒው ሜክሲኮ መሄድ ነበረባት። ከዳላስ አልበከርኪ በመኪና አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሌላ ስቴት መሄድ አያስከስስም ነበር፤ እኛ ግን ስልካችንን አጥፍተን ነው የተጓዝነው፣ ፍርሃት የሕግ አንቀጽ አያነብም። ከንባብ ቡድኑ አንዷ ደህና ጎማ ያለውን መኪናዋን ሰጠችኝ፣ ሌላዋ የልጅቷን ትንሽ ወንድ ልጅ ሁለት ቀን ያዘች። ምንም አልጠየቁም። የኔ ቢጤ ማለት ይህ ከሆነ ፍለጋው ሲያንስ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ ማተቤ ላይ ነው። አንገቴ ላይ ጥቁር ክር አለ፤ እናቴ ናት ያሰረችልኝ። ንባብ ቡድኑ ውስጥ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሂያጆች ይቀለዳል። ክፉ ቀልድ አይደለም፤ ብዙዎቹ አጥባቂ ቤት ውስጥ አድገው ቆስለው የወጡ ናቸው። ግን አንድ ምሽት ስለሚጾሙ ሰዎች ተቀልዶ እኔም ስስቅ ራሴን ያዝኩት። ሑዳዴ ነበር። ፊቴ የተቀመጠውን አይብ ያልነካሁት ስለጠገብኩ ነው ብያቸው ነበር። ወደ ቤት ስነዳ አስተዋልኩት፤ ወደዚያ በሄድኩ ቁጥር የምለብሰው አንገቱ የተዘጋ ሸሚዝ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሐሳቤን እደብቃለሁ፣ ንባብ ቡድን ስሄድ ክሬን። ሁለት ቦታ ግማሽ ግማሽ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ግማሾቹን ደግሞ የትም አልደመርኳቸውም።

ቢል ቢሾፕ የሚባል ጋዜጠኛ በ2008 ባወጣው መጽሐፍ አሜሪካኖች ሳያስቡት እንደሚመስላቸው ሰፈር እየመረጡ ተለያይተው ሰፈሩ ይላል። በ1976 አንዱ እጩ ሌላውን በ20 ነጥብና ከዚያ በላይ በሚያሸንፍበት ካውንቲ የሚኖረው ሰው ሩብ ገደማ ነበር፤ በ2004 ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ደራሲው ራሱ ይኖር የነበረው ኦስተን ውስጥ፣ ለሱ ዓይነት ሰው የሚመች ሰፈር መሆኑ ትንሽ ያስቀኛል። ማንም ተነስቶ «ከማይመስሉኝ ልሽሽ» አላለም። ቡናው የሚጥምበት፣ መጻሕፍት ቤት ያለበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሚቀርብበት ሰፈር መረጡ እንጂ። ሲያትል ያለችው ጓደኛዬም «ነይ» የምትለኝ በዚሁ ስሌት ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ የቤት ኪራይ ዋጋ አይቻለሁ።

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው፣ ስለ ወዳጅነት በሚያወራበት ክፍል ላይ «ሆሞኖያ» የሚላት ቃል አለች። ትርጉሟ ቃል በቃል «አንድ ልብ፣ አንድ ሐሳብ መሆን» ነው፤ እኔ ስፈልገው የነበረው ማለት ነው። እሱ ግን ይለያታል። ሰዎች ስለ ሰማይ ከዋክብት አንድ ዓይነት አስተያየት ስላላቸው ብቻ አንድ ልብ ሆኑ አይባልም ይላል። የአንድ ከተማ ሰዎች አንድ ልብ ሆኑ የሚባለው የጋራ በሆነው ጉዳይ ምን እናድርግ በሚለው ላይ ተስማምተው ሲያደርጉት ነው። (ሴቶችን ከከተማው ጉዳይ ያስወጣ ሰው ስለሆነ እኔን አይቆጥረኝም ነበር። ሐሳቡን ግን እወስድበታለሁ።)

እኛ ለዚህ ነገር አርስቶትል አያስፈልገንም ነበር፤ እድር አለን። እድር ማንን መረጥሽ፣ ምን ታምኛለሽ አይልም። ወር ጠብቀሽ ክፈይ፣ ሰው ሲሞት ድረሺ ነው የሚለው። በ2021 መጨረሻ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳያቸው ገባኝ፤ በዛ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሌላ ነገር የለም። የእናቴን መርዶ ይዘው ነው። ከፊት የቆሙት የእድሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከኋላቸው በአገር ቤቱ ጦርነት ምክንያት ከዓመት በላይ ሰላምታ የተነፋፈጉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። በጦርነቱ ሰሞን እዚህ ያሉ ማኅበራትም ተሰነጣጥቀዋል፤ እነዚያ ሁለቱ ግን እኔ ቤት ሦስት ቀን ወንበር ሲያመላልሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ታረቁ ብላችሁ እንዳታስቡ። አልታረቁም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ።

ቴክሳስ ውስጥ ሰው ለምርጫ ለማስመዝገብ ሥልጠና ወስዶ ከየካውንቲው የሹመት ወረቀት መቀበል ግዴታ ነው። እኔ በ2022 የምኖርበት ኮሊንም፣ ቤተ ክርስቲያናችን ያለበት ዳላስ ካውንቲም ወሰድኩ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሰውዬው ቅጹን ይሞላል፣ ደረሰኝ ትቆርጭለታለሽ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ለካውንቲው ታደርሻለሽ። ቅጹ ላይ የፓርቲ ቦታ የለም። ማንን ትመርጣለህ ብሎ መጠየቅ፣ መርጦ መመዝገብ አይቻልም።

ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግቼ አሥራ ስምንት ሰው መዘገብኩ። የመጨረሻው ጋሼ ነበሩ። በዚያው ክረምት ነው ዜግነት የወሰዱት። በጥንቃቄ፣ በትልልቅ ፊደል ሞሉና ፈረሙ። ከዚያ ዝቅ አሉና «ልጄ፣ ካንቺ ወገን እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ፅንስ ማስወረድን ለሚደግፍ ሰው ድምፄን አልሰጥም። ይህንንም ታደርሺልኛለሽ አይደል?»

«አደርሳለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

ወረቀቶቹ መኪናዬ ውስጥ እስከ ረቡዕ ቆዩ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አሥራ ሰባቱን አላውቃቸውም፤ የአንዱን ግን አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ የቴክሳስ ሕግ ጭራሽ ጠብቆ ነበር፤ ስድስት ሳምንቱም ቀርቶ ክልከላው ሙሉ ለሙሉ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የልጅቷን ፊት አስባለሁ፣ ኒው ሜክሲኮ መንገድ ላይ መስኮቱን ተደግፋ። ከዚያ ጋሼን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በሬ ላይ። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ «ሰውዬው ደግ ነው፣ ስለዚህ ልዩነታችን ትንሽ ነው» ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን ታሪክ አላምነውም። ደግነታቸው ድምፃቸውን አያጠፋውም፤ ድምፃቸውም ደግነታቸውን። አንዷን ወረቀት ብዘገያት ማን ያውቃል? በሕግ ያስቀጣል፤ እኔን የያዘኝ ግን ቅጣቱ አልነበረም። ከንባብ ቡድኑ ለአንዷ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «አንድ ወረቀት እኮ ናት» አለችኝ። ትድረስ ማለቷ ይሁን ትቅር ማለቷ አልጠየቅኳትም። ስለዛ መልስ እስከዛሬ አስባለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ መኪናዋን የሰጠችኝ እሷ ናት።

ከጋሼ ጋር ስለ ሕይወት መጀመሪያ፣ ስለ ሴት አካል፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ አንስማማም፤ ከዋክብቱ ላይ ማለት ነው። ነገሩን በምን እንጨርሰው በሚለው ግን፣ ሁላችንም ተቆጥረን ይለይ በሚለው፣ ጠረጴዛው ላይ ተስማምተን ነበር። ቅጿን ካስቀረሁ ልጅቷን አላዳንኳትም፤ እሳቸውን ብቻ ከከተማው አስወጣሁ። ሐሙስ ከሥራ በፊት ዳላስ ሄጄ አስረከብኩ። አሥራ ስምንት።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ደወሉልኝ። ካርዳቸው መጥቷል፤ አውራ ጎዳና ላይ መንዳት አይወዱም፣ ኧርሊ ቮቲንግ የምትወስደኝ አንቺ ነሽ አሉ። ሄድን። መንገዱን በሙሉ ተጨቃጨቅን። «ልብሽ ደህና ነው፣ አስተሳሰብሽን ግን ፈረንጅ አበላሽቶብሻል» አሉኝ። ያኔ ስም ሳልጠራ ስለ ኒው ሜክሲኮው መንገድ ነገርኳቸው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መኪና ማቆሚያው እስክንደርስ ዝም አሉ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል መንገዱ?»

«አሥር፣ ጋሼ።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«አይ፣ እኔ ነበርኩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ሐዘን አልለየሁትም። መታወቂያቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አረጋግጠው ገቡ። መስኮቱን ከፍቼ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ማንን እንደመረጡ አልነገሩኝም፤ ያሉትን እንዳደረጉ እገምታለሁ። ቀበቷቸውን እያሰሩ «ወረፋው አጭር ነው» አሉኝ። «አንቺስ፣ ኮሊን መቼ ነው የምትመርጪው?»

«ነገ» አልኳቸው።