የመንገዱ ድካምና የተራራው ቅድስና

በጃፓን በርካታ የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች የተዘረጉት ከጥንት ጀምሮ ሲሰገድባቸው በኖሩ ተራሮች ላይ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል የሚገኘው ያማጋታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን የተሳፈረ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያማጋታ ከተማ ይደርሳል። ከጣቢያው አውቶቡስ ይዞ በአርባ ደቂቃ ገደማ ወደ ዛኦ ፍልውሃ ይወጣል፤ ከዚያም ሁለት ኬብል ካር ቀያይሮ 1661 ሜትር ከፍታ ላይ ይወርዳል። ተራራው ስሙን ያገኘው የተራራ ባሕታውያን ከሚሰግዱለት ከዛኦ ጎንገን ነው። ለእነዚያ ባሕታውያን ወደዚህ ከፍታ መውጣት ጸሎትም ሥጋን መቅጣትም ነበር። በድካም ሊደረስበት የተቀደሰ ቦታ ያለ ድካም ሲደረስበት ቅድስናው ምን ይሆናል?

የባሕታውያኑ ሥርዓት ሹገንዶ ይባላል። ጥንታዊውን የተራራ አምልኮ ከቡድሃ እምነትና ከቻይና ከመጣው የዳኦ ትምህርት ጋር ያዋሐደ ሲሆን፣ ትውፊት መሥራቹን በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኤን ኖ ግዮጃ ያደርገዋል። በዚሁ በያማጋታ ያሉት ሦስቱ የዴዋ ተራሮች የሥርዓቱ ታላላቅ ማዕከላት ናቸው፤ ሃጉሮ 414፣ ጋሳን 1984፣ ዩዶኖ 1504 ሜትር ከፍታ አላቸው። ሃጉሮ የአሁኑ ሕይወት ነው፤ ጋሳን ሞት፣ ዩዶኖ ዳግም መወለድ። ያማቡሺ የሚባሉት ተጓዦች የሚለብሱት ነጭ ልብስ ሬሳ የሚገነዝበት ዓይነት ነው። በበጋው መገባደጃ በሚደረገው ሱባኤ ምግብ ይቀንሳሉ፤ እንቅልፍ ያጣሉ፤ በተዘጋ ክፍል ተቀምጠው የበርበሬ ጢስ ይታጠናሉ። ዓላማው የቀድሞው ሰው መንገድ ላይ ሞቶ ሌላ ሰው እንዲመለስ ነው። በዚህ እምነት መንገዱ ወደ አምልኮው ማድረሻ አይደለም፤ አምልኮው ራሱ ነው። ስለዚህ በኬብል ካር የወጣ ሰው ቶሎ ደረሰ ማለት አይቻልም፤ ዋናውን ነገር ሳያደርገው አልፎታል።

ይህ አቋም ጠንካራ ነው፤ ግን ብቸኛው አይደለም። የሶቶ ዜን ትምህርትን በጃፓን ያቋቋመው መነኩሴ ዶገን በ1240 (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ተራሮችና ስለ ውኃዎች በደረሰው ድርሳን፣ ተራራና ውኃ ራሳቸው የቡድሃን ትምህርት የሚገልጡ መሆናቸውን ያስተምራል። እንዲህ ከሆነ የተራራው ቅድስና በሚወጣው ሰው ላብ አይጨምርም፤ በቅለቱም አይጎድልም። የሚጎድል ነገር ቢኖር ያለው በሰውየው ውስጥ ነው።

ሁለቱ አሳቦች ጎን ለጎን መኖር እንደሚችሉ በኪዮቶ አጠገብ ያለው የሂዬ ተራራ ያሳያል። ቴንዳይ የተባለው የቡድሃ እምነት ክፍል መነኮሳት ማዕከል የሆነው ይህ ተራራ ከ1927 ጀምሮ ከሳካሞቶ በኩል ተሳላሚዎችን በገመድ እየተጎተተ የሚያወጣ ባቡር አለው። በዚያው ተራራ ላይ ጥቂት መነኮሳት በሰባት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሺህ ቀናት በእግር እየዞሩ የሚጸልዩበት ሥርዓት ዛሬም አልተቋረጠም። ባቡሩ የመነኮሳቱን እግር አላሳረፈም።

አስቸጋሪውን መንገድ የሚያወድስ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄም አለ፤ መንገዱ ለማን ክፍት ነበር? ብዙዎቹ ቅዱሳን ተራሮች ለዘመናት ለሴቶች ዝግ ነበሩ። በ1872 የሜይጂ መንግሥት ክልከላውን ሻረ። ሹገንዶንም በዚያው ዓመት ስላገደው ሥርዓቱ በራሱ ስም በነፃነት የተመለሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በናራ ያለው የኦሚኔ ተራራ አናት ግን እስከ ዛሬ ሴት አያስወጣም። ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛና ሕፃን ደግሞ ሕግ ሳይከለክላቸው ዳገቱ ራሱ ይመልሳቸው ነበር። ድካም ያነጻል ማለት አንድ ነገር ነው፤ መድከም ያልቻለ አይባረክም ማለት ግን ፍጹም ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለመቀበል የሚያስገድድ ምክንያት በእምነቱ ውስጥ አይገኝም።

እንዲያውም ተቃራኒው በዛኦ አናት ላይ ተቀምጧል። ከኬብል ካሩ የላይኛው ጣቢያ አጠገብ በ1775 የቆመ የጂዞ የድንጋይ ሐውልት አለ። ጂዞ የመንገደኞችና የሞቱ ሕፃናት ጠባቂ ነው፤ ሲኦል ባዶ እስኪሆን ድረስ የራሱን ፍጻሜ ላለመቀበል ምሏል ተብሎ ይታመናል። ወደ እርሱ መውጣት ላልቻሉት እርሱ ይወርድላቸዋል። በበረዶ ወራት ሐውልቱ እስከ አንገቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀበራል፤ ከፊቱም በበረዶ ተጠቅልለው ግዙፍ ፍጡር የመሰሉ ጥዶች ይቆማሉ። የሸርተቴ ጫማ የተጫማ ወጣት በፊቱ እጁን ሲያጋጥም፣ ከጂዞ ትምህርት አንጻር ምንም የረከሰ ነገር የለም።

የጋሳን በረዶ ደግሞ ለሰው ዕቅድ አይገዛም። በክረምቱ ከመብዛቱ የተነሣ የሸርተቴ ቦታው በብርዱ ወራት ተዘግቶ ይከርምና ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ይሠራል። የቀደሙት ሰዎችም ይህን ችግር በራሳቸው መንገድ ፈትተውታል፤ ጋሳንና ዩዶኖ በበረዶ ስለሚዘጉ በሃጉሮ አናት ላይ የሦስቱም ተራሮች አማልክት በአንድነት የሚመለኩበት ቤተ መቅደስ አለ። በ1818 የተሠራው የአሁኑ ሕንፃ ውፍረቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ የሣር ክዳን አለው። ወደዚያ 2446 የድንጋይ ደረጃዎችን ወጥቶ መድረስ ይቻላል፤ አውቶቡስም ይሄዳል። ያልተደረሰበትን ተራራ ከሩቅ መሳለም ኬብል ካር ሳይታሰብ በፊት የተፈቀደ ነገር ነበር። በዩዶኖ ግን መኪናው ገደብ አለው፤ በበጋ እንግዳው በአውቶቡስ ቀርቦ ከቅዱሱ ስፍራ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፤ የመንጻት ሥርዓት ይፈጸምለታል፤ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድለትም፤ ያየውንም እንዳያወራ ይነገረዋል።

የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎቹም ቢሆኑ ተራራውን እንደ ተራ ንብረት አይዙትም። በብዙዎቹ ዘንድ ወቅቱ ሲከፈት የሺንቶ ካህን ይጠራል፤ መሠዊያ ይዘረጋል፤ ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ ይቀርባል፤ ሠራተኞቹ አጎንብሰው አደጋ እንዳይደርስ ይጸለያል። ማሽኖቹን የሚዘውሩት ሰዎች ተራራው የእነርሱ እንዳልሆነ በዚህ በየዓመቱ ይመሰክራሉ። ለአንድ ቀን የሚመጣው እንግዳ ድርሻው ምን እንደሆነ ግን በየትኛውም ሥርዓት አልተደነገገም።