ከአጥር ውጭ ሆኖ ማወቅ

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ አካባቢ ወደ ሰው ቤት የመጣ እንግዳ ከቀርከሃው አጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ የሚመልሰው ድምፅ ባለቤቱ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን፥ ብርቱ ይሁን ደካማ፥ በሩ ሳይከፈት ይናገራል። በዚህ እንግዳውን የሚወቅሰው የለም፤ መጣራት ወግ ነውና።

በበይነ መረብ ላይ ገጾችን የሚያቀርበው ዌብ ሰርቨርም እንደዚሁ ሲጠሩት ይመልሳል። ገጹን ከመላኩ አስቀድሞ «አፓቼ ነኝ፥ እትሜም ይህ ነው» ብሎ ስሙን የሚናገር ብዙ ነው። ስሙን ቢደብቅ እንኳ የመልሱ ቅደም ተከተልና የስሕተት ገጹ አጻጻፍ ማንነቱን ይገልጡታል፤ አገውኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር በቃናው እንደሚለይ ማለት ነው።

እንግዲህ የሌላውን ድካም ሳያስፈቅዱ ማወቅ በደል ነውን? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል። ለሁሉ የሚነገረውን ስም መስማት ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ መግባት አይደለም። ኅሊና የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ስለ ምን ተጣራህ? ከሰማህስ በኋላ ምን አደረግህ?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን በመስከረም 2014 ዓ.ም. የሆነውን እናስብ። በዚያ ወር የወጣው የአፓቼ እትም 2.4.49 ለውጭ ሰው ሊታዩ የማይገባቸውን ፋይሎች የሚያስነብብ ቀዳዳ ተገኘበት። እርሱን ለመድፈን የወጣው 2.4.50 ሥራውን ሳይፈጽም ቀረ፤ ወሩም ሳያልቅ 2.4.51 ተከተለ። በእነዚያ ቀናት «2.4.49 ነኝ» ብሎ የሚመልስ ሰርቨር፥ መዝጊያው እንደ ላላ ለመንገደኛው የሚያወራ ቤት ነበር። በአገራችንም የመንግሥት ድረ ገጾች ዒላማ መሆናቸውን በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሳይበር ሆረስ የተባለው ቡድን ከግብፅ በሰነዘረው ጥቃት አይተናል።

ስምን መደበቅ ይበጃል የሚሉ አሉ። የኤችቲቲፒን እትም 1.0 ደንብ በ1988 ዓ.ም. ያወጡት ሰዎችም እትምን መግለጥ ለጥቃት ሊያጋልጥ እንደሚችል አስጠንቅቀው ነበር። ነገር ግን አጥሩን ሳይጠግን ድምፁን ብቻ የሚያጠፋ ባለቤት የሚያታልለው ራሱን ነው። የሌባው ፕሮግራም ስም ሳይጠይቅ በየደጃፉ እየዞረ ቀዳዳውን ይሞክራል፤ መሞከር የማይገባው ቅን ጎረቤት ግን ከስሙ በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስሙ ሲጠፋ ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይጠፋል።

በእንጅባራ የሚማር አንድ ወጣት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ያረጀ እትም ሲናገር ሰማ እንበል። ዝም ቢል የጎረቤቱን የፈረሰ አጥር አይቶ እንዳለፈ ነው። ቀዳዳውን ቢሞክር ከዐዋጁ ጋር ይጋጫል። ቢናገር ደግሞ «ማን ተመልከት አለህ?» መባልን ይፈራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ፍርሃት ነው፤ ያወቀውን ዕዳ ሊከፍል የመጣን ሰው እንደ ሌባ መቀበል ነውና።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የበይነ መረብ ደንብ አውጪዎች፥ ባለ ሰርቨር ሁሉ «ጉድለት ያየ በዚህ አድራሻ ይንገረን» የምትል ትንሽ ፋይል በታወቀ ስፍራ የሚያስቀምጥበትን ሥርዓት አውጥተዋል። ግድ የምትለው አድራሻንና የምታገለግልበትን የመጨረሻ ቀን ብቻ ነው። ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ሚኒስቴር ድረስ እርሷን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚከብደው በዚያ አድራሻ የሚመጣውን መልእክት በቅንነት የሚያነብ ሰው መመደቡ ነው።