ወጣትን በክረምት ወደ መጻሕፍት ስለ መጥራት

ሰው ወደ ሥራ የሚጠራበት መንገድ ሦስት ነው፤ አንደኛው ማስገደድ፥ ሁለተኛው ዋጋ መስጠት፥ ሦስተኛውም አደራ መጣል ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት፥ ዕድሜው ከ13 እስከ 19 ዓመት የሆነውን ልጃችንን ወደ ቤተ መጻሕፍት ለመጥራት ስናስብ፥ ከሦስቱ በየትኛው ልንጠራው እንደሚገባን መመርመር ያስፈልጋል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፥ የምንጠራበት መንገድ ልጁን ምን አድርገን እንደምናየው የሚገልጥ ስለ ሆነ፥ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ በብስራተ ገብርኤል መንገድ የሚያልፍ ሰው ይህን ልብ ብሎ ይመልከት። ዝናሙ ሲወርድ ጐረምሶቹ በየሱቁ በረንዳ ይጠለላሉ፤ ኰረዶቹም ከቤት ይቀመጣሉ፤ የብዙዎቹም ዓይን ከስልካቸው ላይ አይነሣም። ሥራ ፈቶች ናቸው ብሎ መፍረድ ግን አይገባም፤ ከመካከላቸው እናቱን በጉልት የሚረዳ፥ ታናናሾቹንም የሚጠብቅ አለና። በከተማችን መጽሐፍ የለም ማለትም አይቻልም። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንባቢ ያገለግላል፤ አብርሆት የተባለውም ታላቅ ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. በ4 ኪሎ ተመርቋል። ዳሩ ግን ከብስራተ ገብርኤል ተነሥቶ፥ በሣር ቤትና በሜክሲኮ በኩል አልፎ፥ 4 ኪሎ ለመድረስ የታክሲ ገንዘብና ዝናሙን የሚችል ልብ ያስፈልጋል። ባርባራ ሄይንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፥ የአትላንታን ከተማ ተማሪዎች መርምራ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ በዕረፍት ወራት ዕውቀትን ከሚጠብቁት ነገሮች ሁሉ ማንበብ የሚበልጥ መሆኑን፥ ቤተ መጻሕፍቱም ለመኖሪያ ቤት ሲቀርብ ልጆች አዘውትረው የሚሄዱበት መሆኑን አሳይታለች። ስለዚህ ልጁን ሰነፍ ከማለታችን በፊት መንገዱን ልናሳጥርለት ይገባል።

የመጀመሪያውን መንገድ፥ ማለት ማስገደድን፥ አገራችን ፈትናዋለች። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ከሥራቸውም አንዱ ፊደል ማስተማር ነበር። ዘመቻው ግዴታ ስለ ነበረ፥ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን እንዳይቀጥል ተከለከለ። ምክንያታቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም፥ ብዙዎች ጊዜው ሳይፈጸም ጥለው ተመለሱ። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን፤ ወጣት ለሌላው ፊደል ለማስቈጠር የሚበቃ መሆኑን፥ ደግሞም ፈቃዱ ሳይጠየቅ የተጫነበት ሥራ መልካም ቢሆን እንኳ ልቡን የማያሳድር መሆኑን ነው። «አንብብ!» ብሎ የሚቈጣም አባት ልጁን ገጽ ያስገልጠዋል እንጂ አያስነብበውም።

ሁለተኛው መንገድ በውጭ አገር የተለመደ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ልጆችን በዕረፍት ወራት ማስነበብ ከጀመሩ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ብዙ ላነበበም ሽልማት ይሰጣሉ። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ሦስት የሥነ ልቡና ሊቃውንት፥ ሌፐር፥ ግሪንና ኒስቤት፥ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሥዕል ከሚወዱ ሕፃናት ለጥቂቶቹ «ብትሥሉ የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን» ብለው ተስፋ ሰጧቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፥ ሽልማቱ በቀረ ጊዜ፥ ዋጋ የለመዱት ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ ሥዕሉን ቸል ብለው ተገኙ። በፍቅር ይሠሩት የነበረው ሥራ የቅጥር ሥራ መስሏቸው ነበርና። በእርግጥ መጽሐፍን ገና ላልወደደ ልጅ ትንሽ ስጦታ እስከ በሩ ድረስ ሊያመጣው ይችላል። ነገር ግን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ከበሩ በኋላ ያለው ጕዞ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ይህም ሌላ ነገር አደራ ነው፤ ለኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ የአብነት ትምህርት ቤት ንባብ የጨረሰው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ታናሹን ያስተምራል። የቅኔም ተማሪ የሌላውን ቅኔ በመቀበል ብቻ አይወሰንም፤ ገና ወጣት ሳለ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ቆሎ እየለመነ የሚማረው ያ ልጅ፥ ብርዱንና ረኃቡን ከቻለበት ምክንያት አንዱ፥ በዚያ ጉባኤ ቃሉ የሚሰማ ሰው መሆኑ ይመስለኛል። ዛሬም በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑ ወጣቶች በየከተማው አሉ። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ጥሪ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፤ ወጣቱ በሳምንቱ ውስጥ የወደደውን መጽሐፍ ለራሱ ያንብብ፤ በቅዳሜም የሰፈሩን ሕፃናት ሰብስቦ ተረት ያንብብላቸው፤ መጽሐፍ ማዋሱንና መመለሱንም እርሱ ይመዝግብ። ለሕፃን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ለብቻው ማንበብ ግድ ይሆንበታል፤ ይህን ግድ ግን ያመጣበት ፊቱን የሚመለከተው ሕፃን ነው።

ለራሱም የሚያነበውን ይምረጥ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነው ከኖሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ በ1995 ዓ.ም. በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጐተት ቤተ መጻሕፍት እንዲዞር አደረጉ። እኒህ ሰው ከትምህርት ቤት ውጭ መጽሐፍ ያገኙት በ19 ዓመታቸው እንደ ነበረ፥ እርሱም የፍቅር ልብ ወለድ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ያን ጊዜ አንድ ቍጡ ሽማግሌ «ይህ አይጠቅምህም» ብሎ ቢነጥቃቸው ኖሮ ምን በሆነ?

ምናልባት አንድ ሰው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ይመልስልን ይሆናል። መጽሐፍ ይጠፋል፥ መዝገቡም ይበላሻል ማለቱ ነው። እውነት ነው፥ አንዳንዱ ይጠፋል። ነገር ግን ማቡካትን ሳይለምድ ያደገ ሰው በ30 ዓመቱም ለራት የሚበቃ ሊጥ አያቦካም። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አደራ በሚል ስም የወጣቱን ጕልበት ያለ ዋጋ እንዳንበዘብዝ ነው። መለያው ይህ ነው፤ እምቢ ማለት ከቻለ፥ የሚያነብበትም ጊዜ ከተተወለት፥ አሳቡም ከተሰማ፥ አደራ ነው። ወንበር እንዲያነሣና አቧራ እንዲጠርግ ብቻ ከተጠራ ግን ያለ ደመወዝ የተያዘ አሽከር ነው።

አደራም ሰጪውን ያስራል። ጧት በ3 ሰዓት ይከፈታል ያልነው በር በ5 ሰዓት ከተከፈተ፥ መደርደሪያውም የተቀደደ የፈተና መጽሐፍ ብቻ ከያዘ፥ ቃሉን ያፈረሰው ወጣቱ አይደለም። ስለዚህ የሰፈር ሽማግሌዎች፥ ወላጆችና መምህራን ሆይ፥ ታላቅ ሕንጻ እስኪሠራ አትጠብቁ። በክረምት ተቈልፎ የሚከርም የትምህርት ቤት መጻሕፍት ክፍል ካለ፥ ያ ለመጀመሪያ ይበቃል። ወጣቱ ከመጽሐፍ ጋራ የሚኖረው ፍቅር በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ በሩን በሰዓቱ መክፈት፥ ቍልፉንም ሳይፈሩ በእጁ ማኖር ግን የእኛ ፋንታ ነው።