በነሐስ አንገት ላይ የታሰረ ገመድ

ክፉን ሥራ በዓይን በሚታየው ብቻ የሚመዝን ዳኛ፥ ሰሙን አይቶ ወርቁን ሳያገኝ የሚመለስ የቅኔ ተማሪ ይመስላል። ይህም በአሜሪካ አገር በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ከሆነው ነገር ይታወቃል።

ጄምስ ሜሬዲዝ የተባለ ጥቁር ሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደ ነበረው ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ፍርድ ቤት ቢያዝለት፥ ሕዝቡ ታወከ፤ በሌሊቱም ሁከት ሁለት ሰዎች ሞቱ። እርሱ ግን በማግሥቱ ተመዘገበ፤ በ1963ም ትምህርቱን ፈጸመ። በ2006 ምስሉ በነሐስ ተሠርቶ በግቢው ቆመ። በ2014 ግን ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በሌሊት መጥተው በምስሉ አንገት ላይ የማነቂያ ገመድ አጠለቁ፤ ባርነትን ለማጽናት የተዋጉት ሰዎች ምልክት ያለበትንም ባንዲራ አለበሱት።

«ነሐስ አይታነቅ፥ አይሞት፤ ታዲያ ማን ተበደለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ገመዱ ሰም ነው፤ ወርቁ ግን «እናንተም እንዲሁ ትሆናላችሁ» ማለት ነው። በዚያ አገር ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ የተገደሉት ጥቁሮች በሺህ የሚቈጠሩ፥ ብዙዎቹም በገመድ የተሰቀሉ ናቸውና፥ ይህን ቅኔ ለመፍታት መምህር አላስፈለገም። በዚያ ያለፈ ጥቁር ተማሪ ሁሉ ያለ ፊደል የተጻፈለትን አነበበ።

ይሁን እንጂ ከጥላቻ የሚመጣ ነገር ሁሉ ወንጀል አይደለም። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ንግግርን ስለሚጠብቅ፥ ስድብ ብቻውን ምንም ቢያሳፍር ብዙ ጊዜ አያስቀጣም። ዛቻ፥ ድብደባ ወይም ንብረት ማጥፋት ሲደረግና ተበዳዩ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት ሲመረጥ ግን የጥላቻ ወንጀል ይሆናል። ስለዚህም ገመዱን ካጠለቁት አንዱ ጥቁሮችን ተማሪዎችና ሠራተኞች ማስፈራራቱን አምኖ በ2015 ስድስት ወር እስራት ተፈረደበት።

«ሕግ የልብን አሳብ ሊቀጣ አይገባውም» የሚሉ አሉ፤ ሙግታቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አድብቶ የገደለና ሳያስበው የገደለ ከጥንት ጀምሮ እኩል አልተፈረደባቸውም። የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1993፥ ወንጀለኛው ተበዳዩን በዘሩ ምክንያት ከመረጠው ቅጣት ሊጨመርበት እንደሚችል ወስኗል። አንዱ ሲመታ የሚቈስሉት ብዙዎች ናቸውና።

የሚያስቸግረው ሕግ የማይደርስበት ስድብ ነው። ዳኛው ዝም በሚልበት ስፍራ መምህሩና ባልንጀራው ዝም ሊሉ አይገባም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደ ተባለ፥ የተሰደበው ተማሪ ከሰዳቢው ቃል ይልቅ አብረውት ቆመው የሰሙትን ሰዎች ዝምታ ረዥም ዘመን ያስታውሳል።